ኢትዮ ቴሌኮምንና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን እንዴት እናወዳድር? የተንታኝ የአሠራር መመሪያ

የአንዱን ኩባንያ ቁጥር በግራ፣ የሌላውን በቀኝ ጽፎ ትልቁን ማክበብ ማንም አያቅተውም። የኢትዮጵያን ሁለት የቴሌኮም ኩባንያዎች በዚህ መንገድ ያወዳደረ ሰው ግን ጤፉን በኩንታል፣ ሽንብራውን በጣሳ ሰፍሮ "የቱ ይበልጣል?" የሚል ነጋዴ ይሆናል። ነባሩ ኢትዮ ቴሌኮም በብር፣ አዲሱ ሳፋሪኮም በኬንያ ሽልንግ ይናገራል። የበጀት ዓመታቸው አይገጥምም። "ደንበኛ" ብለው የሚቆጥሩት ሰውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ የሥራው ግማሽ መስፈሪያውን አንድ ማድረግ ነው።

ለአንድ ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃል። ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ፣ የ09 (የኢትዮ ቴሌኮም) እና የ07 (የሳፋሪኮም) ሲም ካርድ፣ ማስታወሻ ደብተርና ለጥቅል መግዣ የሚሆን ብር ያዘጋጁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

"ማን ይሻላል?" የሚለው መልስ የለውም፤ ለማን እንደሚሻል አልተባለምና። "የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ልግዛ ወይ?" የሚል ሰው ትርፍን፣ ዕዳንና የትርፍ ድርሻን ያያል። "ሱቄ ላይ የማንን ወኪልነት ልውሰድ?" የሚል ደግሞ ኮሚሽንንና በየቀኑ የሚመጣውን ደንበኛ ያያል። "አዲሱ ተወዳዳሪ ነባሩን በየትኛው አገልግሎት ነው የሚነካው?" የሚለው የስትራቴጂ ጥያቄ ሲሆን ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በዋናነት ለእሱ የተዘጋጀ ነው።

ከጥያቄው ቀጥሎ ድንበሩን ያስምሩ። ድምፅ፣ ዳታ፣ መደበኛ ኢንተርኔትና የሞባይል ገንዘብ አራት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው፤ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይቀላቅሏቸው። በሞባይል ገንዘብ ላይ ተወዳዳሪዎቹ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብርና የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳ ብቻ አይደሉም፤ የንግድ ባንክን ሲቢኢ ብርና የሌሎቹን ባንኮች መተግበሪያዎች የዘለለ ሰው የገበያውን ትልቅ ክፍል ዘሏል። መደበኛ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የመንግሥቱ ኩባንያ የቆየ የመስመር ዝርጋታ ስላለው ውድድሩ ሌላ መልክ አለው።

2. ሰነዶቹን በታማኝነት ቅደም ተከተል ይሰብስቡ

ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘው በኦዲተር የተፈረመ የሒሳብ መግለጫ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 የድርሻውን 10 በመቶ በአክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ ያወጣው የሽያጭ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ) በተለይ ይጠቅማል። አንድ አክሲዮን 300 ብር ሆኖ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ቀርበው ነበር፤ የተሸጡት ግን 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከሰነዱ ቀድመው የሚያነቡት ስለ ሥጋት የሚያወራውን ምዕራፍ ይሁን። ኩባንያ ስለ ተወዳዳሪው ያለውን ፍርሃት ሕግ አስገድዶት የሚጽፈው እዚያ ነው።

በሳፋሪኮም በኩል የኬንያው ወላጅ ኩባንያ በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ላይ የተመዘገበ በመሆኑ በየስድስት ወሩ ዝርዝር ውጤት ያወጣል። ወጥመዱ እዚህ ነው፤ "የሳፋሪኮም ትርፍ" የሚለው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የጠቅላላው ቡድን ነው። የኬንያው ሥራ ትርፋማ ስለሆነ የኢትዮጵያውን ኪሳራ ይሸፍነዋል። ኢትዮጵያ ለብቻዋ የተቀመጠችበትን ገጽ እስኪያገኙ ድረስ አንድም ቁጥር አይገልብጡ።

ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች፣ ከዚያ የየኩባንያው የታሪፍ ገጽ፣ ከዚያ የሥራ ማስታወቂያዎችና ጨረታዎች ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹን ሰው ይንቃቸዋል። አንድ ኩባንያ በአንድ ክልል ከተማ አሥር የሽያጭ ተቆጣጣሪ ሲፈልግ ዕቅዱን ከጋዜጣዊ መግለጫው ከወራት በፊት ነግሮዎታል ማለት ነው።

ጋዜጣዊ መግለጫ መጨረሻ ላይ ይሁን። "የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ አሳክቷል" የሚለውን ሐረግ ሲያዩ ደግሞ ይለፉት። ዕቅዱን ያወጣው ኩባንያው ራሱ ነው፤ ከዕቅድ አንጻር የሚሰላ መቶኛ ከሌላ ኩባንያ ጋር አይወዳደርም።

እያንዳንዱን ቁጥር ሲያስገቡ አምስት ዓምድ ይሙሉ፦ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ እስከ መቼ ያለውን ጊዜ እንደሚመለከት፣ ከየትኛው ሰነድና ገጽ እንደመጣ፣ ኦዲት የተደረገ መሆን አለመሆኑ። ሦስተኛውን ዓምድ ያልሞላ ሰው ቀጣዩን ደረጃ መሥራት አይችልም።

3. ሁለቱን በጀት ዓመቶች ያገጣጥሙ

ኢትዮ ቴሌኮም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጥራል። ሳፋሪኮም በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ጀምሮ ማርች 31 ይዘጋል፤ ማለትም ከመጋቢት 23 እስከ መጋቢት 22። ልዩነቱ ከሦስት ወር ይበልጣል። በፍጥነት በሚያድግና ዋጋ በሚንር ገበያ ሦስት ወር ትንሽ አይደለም።

መላው እንዲህ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የዘጠኝ ወር ሪፖርት መጋቢት 30 ላይ ይዘጋል፤ ከሳፋሪኮም ዓመት መዝጊያ የሚለየው በአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ፦

ያለፈውን ሙሉ ዓመት ገቢ ይውሰዱ፤ ካለፈው ዓመት የዘጠኝ ወር ገቢ ይቀንሱለት፤ የዘንድሮውን የዘጠኝ ወር ገቢ ይደምሩበት። የሚገኘው እስከ መጋቢት 30 ያለው የአሥራ ሁለት ወር ገቢ ነው፤ ከሳፋሪኮም ዓመታዊ ውጤት ጎን ቢቀመጥ አያሳፍርም።

የሳፋሪኮም ግማሽ ዓመት መስከረም 20 አካባቢ፣ የኢትዮ ቴሌኮም የመጀመሪያ ሩብ ዓመት መስከረም 30 ስለሚዘጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ጥሩ መገናኛ ነጥብ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም የዘጠኝ ወሩን ካልዘረዘረ ሙሉ ዓመቱን ይጠቀሙ፤ ነገር ግን "የሦስት ወር ብልጫ አለው" የሚል ማስታወሻ ከሰንጠረዡ ሥር ይጻፉ።

4. "ደንበኛ" የሚለውን ቃል ይፍቱ

ኢትዮ ቴሌኮም በሰኔ 2017 መጨረሻ 83.2 ሚሊዮን ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመጋቢት 2017 በ90 ቀን ውስጥ አገልግሎት የተጠቀሙ 8.8 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት፤ ከዓመት በፊት 4.4 ሚሊዮን ነበር። ችኩል ሰው 8.8ን ለሁለቱ ድምር ለ92 አካፍሎ "የገበያ ድርሻው 9.6 በመቶ ነው" ይላል። በዚህች አንዲት መቶኛ ውስጥ አራት ስህተት አለ፦

ቀኖቹ ይለያያሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ድምር ከሞባይል ሌላ የመደበኛ ስልክና የኢንተርኔት ደንበኞችንም ይይዛል። የአቆጣጠሩ ደንብ አንድ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ በ30 ቀን፣ በ90 ቀንና በተሸጠ ሲም የሚቆጥሩ ሦስት ሰዎች ለአንድ ኩባንያ ሦስት የተራራቁ ቁጥሮች ያገኛሉ። አራተኛውና ዋናው፣ ሲም ሰው አይደለም። የ07 ሲም የያዘ ሰው የ09 ሲሙን አይጥለውም፤ ባንኩ፣ ዘመዱ፣ አሠሪው የሚያውቀው በእሱ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ያን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረውታል።

ስለዚህ የደንበኛ ድርሻ የሚለውን በገቢ ድርሻ ይተኩት፤ ካልተቻለ "የሲም ድርሻ" ብለው በግልጽ ይሰይሙት። ከድርሻ ይልቅ ዕድገትን ማየትም ይሻላል፤ አንድ ኩባንያ ከራሱ ካለፈው ዓመት ጋር ሲወዳደር ቢያንስ የአቆጣጠር ደንቡ አይለወጥበትም።

በሞባይል ገንዘብ ላይ ችግሩ ይብሳል። ቴሌብር በሰኔ 2017 ከ54 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሉት ተነግሯል፤ የተመዘገበና በየወሩ የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን አንድ አይደለም። "የተንቀሳቀሰ ገንዘብ" የሚለውም ያታልላል። አንድ ሺህ ብር ገብቶ፣ ለሌላ ተልኮ፣ ወጥቶ ሲቆጠር ሦስት ሺህ ይሆናል። ከቻሉ ከአገልግሎቱ የተገኘውን ገቢ ይፈልጉ፤ እሱ እንዲህ አይባዛም።

5. ገንዘቡን ወደ አንድ መለኪያ ያምጡ

መጀመሪያ ቀላሉን፣ በአንድ ደንበኛ የሚገኘውን ገቢ ያስሉ። አካፋዩ የዓመቱ መጨረሻ ደንበኛ ሳይሆን የመጀመሪያውና የመጨረሻው አማካይ ይሁን። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 93.7 ቢሊዮን ብር አስገብቷል፤ ደንበኞቹ ዓመቱ ሲጀመር 72 ሚሊዮን፣ ሲያልቅ 78.3 ሚሊዮን ነበሩ። አማካዩ 75.15 ሚሊዮን ነው፤ 93.7 ቢሊዮን ሲካፈልበት በዓመት ወደ 1,247፣ በወር ወደ 104 ብር ይመጣል። በ2017 ገቢው 162 ቢሊዮን ሲሆን በዚሁ ስሌት በወር ወደ 167 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ "ደንበኛው 60 በመቶ የበለጠ ይጠቀማል" ብሎ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው። በሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ ጥሪና ከዶላር ገቢዎች የሚመጣው ብር በዚያው ልክ ያብጣል፤ በ2017 መጀመሪያ ታሪፍም ተሻሽሏል። የጠቅላላ ገቢውን ዕድገት ቢያንስ በሦስት ይክፈሉት፦ ከደንበኛ ብዛት የመጣ፣ ከዋጋ የመጣ፣ ከምንዛሪ የመጣ። የተረፈው ብቻ ነው የአጠቃቀም ዕድገት።

የሳፋሪኮም ቁጥር ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። በ2016 መጋቢት መጨረሻ የጀመረው በጀት ዓመቱ አራት ወሩን በአሮጌው ምንዛሪ፣ ስምንት ወሩን በአዲሱ አሳልፏል። በብር ያደገ ገቢ በሽልንግ ሲታይ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ከዚህ ላይ በዚያ በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከፍተኛ የዋጋ ንረት ካለባቸው አገሮች ተመድባ ስለነበር ወላጅ ኩባንያው ሒሳቡን በዋጋ ንረት አስተካክሎ፣ በመዝጊያ ቀን ምንዛሪ ተርጉሞታል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቁጥር ታትሞ ያገኛሉ፦ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያለ። ለንጽጽር የመጀመሪያውን ይያዙ፤ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አያደባልቁ።

ትርፍን ሲያወዳድሩ ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ተቀናሽ ከመነሳታቸው በፊት ያለውን ትርፍ ከመጨረሻው ትርፍ ለይተው ይመልከቱ። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ባሸነፈው ጨረታ ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለ15 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አንድም ጥሪ ባይደወል እንኳ ከመጨረሻው ትርፍ ላይ ይነሳል። ከዘመናት በፊት ሥራ የጀመረው ነባር ኩባንያ ማማዎቹንና መስመሩን በአሮጌ ብር ነው የገነባው። የጀማሪን የትርፍ ህዳግ (ትርፉ ከገቢው ያለውን ድርሻ) ከነባር ጋር ማወዳደር የአምስት ዓመት ልጅን ከአባቱ ጋር ክብደት ማንሳት እንደማወዳደር ነው። ለጀማሪው የሚጠቅመው ጥያቄ ኪሳራው ከገቢው አንጻር በየግማሽ ዓመቱ እየጠበበ ነው ወይ የሚለው ነው።

6. የዋጋ ቅርጫት ይሥሩ

ታሪፍን በታሪፍ ማወዳደር አይቻልም፤ ሁለቱም የሚሸጡት ጥቅል ነው። ሦስት ምናባዊ ደንበኞች ይፍጠሩ፦ በወር 60 ደቂቃና 500 ሜጋ የሚጠቀም፣ 150 ደቂቃና 4 ጊጋ የሚጠቀም፣ 300 ደቂቃና 20 ጊጋ የሚጠቀም። ለእያንዳንዱ በእያንዳንዱ ኩባንያ ርካሹን የጥቅል ጥምረት ፈልገው የወር ወጪውን ያስሉ።

የሚያሳስቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሌሊት ስጦታ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥቅል በ100 ብር 2 ጊጋ የቀን፣ 2 ጊጋ የሌሊት ቢሰጥ ማስታወቂያው ጊጋውን 25 ብር ያደርገዋል። ደንበኛዎ ሌሊት የሚጠቀመው 300 ሜጋ ብቻ ከሆነ በእጁ የገባው 2.3 ጊጋ ነው፤ እውነተኛው ዋጋ ከ43 ብር ያልፋል። ጊዜው አልፎበት የሚጠፋውንም በዚሁ መንገድ ይቀንሱ።

ሁለተኛው ጥሪው ወዴት እንደሚሄድ ነው። በራስ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነፃ ደቂቃ ለ09 ደንበኛ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የሚደውልላቸው አብዛኞቹ ሰዎች 09 ላይ ናቸውና። ለ07 ደንበኛ ግን ያው ስጦታ ብዙም አያገለግልም። በቅርጫቱ ውስጥ ለሁለቱም ደንበኛ ዘጠኝ አሥረኛውን ጥሪ ወደ 09 አድርገው ያስሉና ልዩነቱን ይመልከቱ። ነባሩ ኩባንያ ዋጋ ሳይቀንስ እንዴት እንደሚከላከል ከዚህች ስሌት በላይ የሚያሳይ የለም።

ቅርጫቱን በአንድ ቀን ውስጥ ጨርሰው ቀኑን ይጻፉበት። ጥቅል በየጊዜው ይለወጣል፤ የአንዱን የጥር፣ የሌላውን የሰኔ ዋጋ ያቀላቀለ ሰንጠረዥ ቆሻሻ ቅርጫት ነው ቦታው።

7. ከጠረጴዛ ተነሥተው ይውጡ

አሥር ቦታ ይምረጡ፦ ከከተማው መሐል አራት፣ ከዳር አራት፣ ከከተማ ወጣ ካለ መንገድ ሁለት። በእያንዳንዱ ቦታ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት የኢንተርኔት ፍጥነት ሦስት ሦስት ጊዜ ይለኩ። ለአንድ ኔትወርክ 90፣ ለሁለቱ 180 ልኬት ይሆናል። በተመሳሳይ ስልክ፣ የዳታ ሲሙን እየቀያየሩ ይለኩ፤ ስልክ ከተለያየ የሚለኩት ስልኩን ነው። ፈጣን 4ጂ ላይ አንድ ልኬት ከ50 እስከ 100 ሜጋ ስለሚበላ በየሲሙ ከ5 እስከ 9 ጊጋ ይሙሉ።

አማካይ አይውሰዱ፤ በቅደም ተከተል ተደርድረው መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር ይያዙ። ሳይሳካ የቀረውን ልኬት ዜሮ ብለው ይመዝግቡት እንጂ አይሰርዙት። ኔትወርክ የሌለበትን ቦታ እየሰረዙ ፍጥነት መለካት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሽፋኑ ጠባብ የሆነውን ኩባንያ ያለ አግባብ ያሞግሳል።

ለሞባይል ገንዘብ በየአገልግሎቱ ሃያ ወኪሎች ዘንድ ሄደው 500 ብር ለማውጣት ይሞክሩ። ስንቱ በዚያው ደቂቃ ሰጠዎት? ስንቱ "ጥሬ ብር የለኝም፣ ከሰዓት ተመለስ" አለ? ሰሌዳ የሰቀለ ወኪልና የሚሠራ ወኪል የተለያዩ ናቸው። ካርድ የሚሞሉ ባለሱቆችንም በቀን የየትኛውን ብዙ እንደሚሸጡ ይጠይቁ፤ ኮሚሽኑን ከመጠየቅዎ በፊት ግን የሆነ ነገር ገዝተው ይጠይቁ፣ መልሱ ይረዝማል።

8. ስትራቴጂውን ከገንዘቡና ከቀኑ ያንብቡ

"ዲጂታል ኢትዮጵያን እንገነባለን" የሚለውን ሁለቱም ይላሉ። ገንዘቡ የፈሰሰበትን ቦታና ቅደም ተከተሉን ይያዙ። አንድ ወረቀት ላይ የጊዜ መስመር ያስምሩ፦ ቴሌብር ግንቦት 2013፤ የሳፋሪኮም ጥምረት የፈቃዱን ጨረታ ያሸነፈው በዚያው ወር፤ የድሬዳዋ ሙከራ ነሐሴ 2014፤ አዲስ አበባ መስከረም 2015፤ ኤም ፔሳ ነሐሴ 2015።

ከእያንዳንዱ ድርጊት ጎን "የመረጠው" ወይም "የተገደደበት" ብለው ይጻፉ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን ዓምድ ይውሰዱ። ኤም ፔሳ ከቴሌብር ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ዘግይቷል። ብዙዎች ይህን የሳፋሪኮም ድክመት ያደርጉታል፤ ነገር ግን በ2013 የተሰጠው ፈቃድ የሞባይል ገንዘብን አይጨምርም ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ፣ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ነው የተፈቀደው። ያ መዘግየት የተገደደበት ነው። ከድሬዳዋ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱ ግን የመረጠው ነው፤ ስለ ጥንቃቄው የሚነግርዎት እሱ ነው።

በሌላው በኩል ቴሌብር በእነዚያ 27 ወራት ውስጥ ምን አደረገ? ከዳሸን ባንክ ጋር ብድርና ቁጠባ ጀመረ፤ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ብቻ እንዲከፈል ሲደረግ በየማደያው ገባ፤ በኋላ የራሱ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን እንኳ የተሸጠው በእሱ ነው። እዚህም ዓምዱን ይሙሉ፦ የብድሩ አገልግሎት የመረጠው ነው፤ የነዳጁ በመንግሥት ውሳኔ የመጣ ዕድል ነው። መንግሥት ለሌሎችም ሊከፍተው የሚችለውን ዕድል እንደ ዘላቂ ጥንካሬ አይመዝግቡት።

ማማ ላይም ይህንኑ ያድርጉ። አዲሱ ኩባንያ የራሱን ማማ ይተክላል ወይስ ከተወዳዳሪው ይከራያል? መከራየት ፍጥነት ይሰጣል፤ ግን ኪራይ የሚከፈለው ለሚፎካከሩት ኩባንያ ነው። የሁለቱን ድርሻ በየዓመቱ ቢከታተሉ ኩባንያው ለስንት ጊዜ ለመቆየት እንዳሰበ ያያሉ።

9. አንድ ገጽ ያድርጉት

ከላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዳለ ይገልብጡ። ቀጥሎ መልሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ከስምንት የማይበልጡ ረድፎች ያሉት ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዡ ሥር የቀን፣ የምንዛሪና የአቆጣጠር ማስታወሻዎች። ከታች "ይህ ድምዳሜ የሚፈርሰው" ብለው ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶች ይጻፉ፦ ለምሳሌ ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ኩባንያ የሚቀይርበት አሠራር በሰፊው ሥራ ላይ ቢውል፣ ከኔትወርክ ውጭ ያለው ጥሪ ከውስጡ ጋር እኩል ቢረክስ፣ የሦስተኛ ኩባንያ ፈቃድ ቢወጣ።

ገጹን ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው ሰጥተው "ይህ በስንት ቀን የተቆጠረ ደንበኛ ነው? ይህ ብር የመቼ ነው?" ብሎ እንዲጠይቅዎት ያድርጉ። መልሱ ገጹ ላይ ከሌለ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ወዳሉት ደረጃዎች ይመለሱ። የሚቀጥለውን ማደሻ ቀን ከአሁኑ በማስታወሻዎ ይያዙ፦ የሳፋሪኮም ዓመታዊ ውጤት በግንቦት መጀመሪያ አካባቢ፣ የግማሽ ዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ይወጣል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ዓመታዊ ሪፖርት ሐምሌ ላይ ይደርሳል።